ስለ አዲሱ ቧንቧ እና ስለ ተሰበረው በር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንፃዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ በዚህ ወረርሽኝ ዘመን ጤና መጠየቅ ወግ መሆኑ ቀርቶ ሥራ ሆኗልና። ጉሮሮዎን ሳይከረክርዎት፣ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ፣ የቢሮዎም መስኮት ንጹሕ አየር እያስገባልዎ ይህ ደብዳቤ እንደሚደርስዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤውን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በእጄ ይዤው መጥቼ ነበር፤ ነገር ግን የደብዳቤ መቀበያው መስኮት በበሽታው ምክንያት መዘጋቱንና አቤቱታ ሁሉ በስልክ እንደሚስተናገድ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁ። ወደ ቤቴ ተመልሼ ስደውል ደግሞ አቤቱታ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይታይ በትሕትና ተነገረኝ።

ጉዳዬ አንድ ነው። በሕንፃችን ምድር ቤት የሚኖረው አናጺ፣ ሳይለካ ወንበር ላይ እንኳ አይቀመጥም ተብሎ ጋሽ ሜትር የሚል ስም የወጣለት ጎረቤታችን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ያሸገውን በር ሰብሯል በሚል እስከ ሰኞ ጠዋት የቤቱን ቁልፍ እንዲያስረክብ ታዟል። እሱ ሲወጣ ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹም አብረው ይወጣሉ። በሽታ ከታየበት ሕንፃ የወጣን ቤተሰብ የሚያስገባ አከራይ እስካሁን አልተገኘም፤ ሚስቱ ሰፈር ለሰፈር ስትዞር ሰንብታ፣ አንዷ አከራይ ጭንብሏን ሳታወልቅ በመስኮት ብቅ ብላ፣ “እህቴ፣ ቤቱ ተይዟል፤ ባይያዝም ተይዟል” ብላ መልሳታለች።

የምለምነው ይህ ትእዛዝ ከሰኞ በፊት እንዲነሳ ነው። ልመና ባዶ እጅ ስለማይቀርብ ግን፣ ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ በሽታ ሰሞን የዋለልንን ውለታ በተራ በተራ እያነሳሁ ማመስገን ይገባኛል።

1ኛ. የመጀመሪያው ምስጋናዬ በመግቢያው በር ላይ ለተለጠፈው ማስታወቂያ ነው።

ምናልባት አልተነገረዎት ይሆናል፤ በሕንፃችን አንድ የብረት የውሃ ቧንቧ ከላይኛው ፎቅ ተነስቶ በየወጥ ቤቱ ጥግ እያለፈ እስከ ምድር ቤት ይወርድ ነበር። ወረርሽኙ ገብቶ ቤት ለቤት መጠያየቅ ሲከለከል፣ በላይኛው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ጠዋት ጠዋት ቧንቧውን በማንኪያ አንድ ጊዜ መምታት ጀመሩ። ትርጉሙ፣ አለሁ። ከሥራቸው ያለው ሰምቶ ይመታል፤ ከእሱ ሥር ያለውም እንዲሁ፤ ምቱ ምድር ቤት ሲደርስ ጋሽ ሜትር በመዶሻው ጫፍ ነካ አድርጎ ይዘጋዋል። ሁለት ጊዜ የመታ ሰው የጎደለው ነገር አለ ማለት ነው፤ ዳቦም ሆነ መድኃኒት ደጃፉ ላይ ተቀምጦለት ይኬዳል። ሳያቋርጥ የመታ፣ ኑልኝ ማለቱ ነው። ጭራሽ ያልመታ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስሮጠናል።

መጀመሪያ ላይ የተጫወተበትም አለ። የአምስተኛ ፎቁ የታክሲ ሹፌር እንደ ኳስ ደጋፊ ጭብጨባ ይደበድበው ስለነበር፣ በአራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ልብስ ሰፊ፣ እትዬ፣ ደረጃ ላይ ሲያገኙት ርቀታቸውን እንደ ጠበቁ፣ “አንተ ልጅ፣ መኖርህን ንገረን እንጂ ማሸነፍህን ማን ጠየቀህ?” ብለውታል። እሱም፣ “እትዬ፣ ዘንድሮ መኖርስ ከማሸነፍ በምን ያንሳል?” አላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ሰው አንዴ ብቻ ይመታል።

ጽሕፈት ቤትዎ ይህን እንደ ሰማ “የቤቶች ንብረት በሆነ የውሃ መስመር ላይ ድብደባ መፈጸም” በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን አስታወቀን። ቧንቧም እንደ ሰው ሊደበደብ እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ለብረት እንዲህ የሚራራ መሥሪያ ቤት ያለን መሆኑ ያኮራል። ነዋሪው ግን፣ ልዋሽዎ አልፈልግም፣ ማስታወቂያውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መምታቱን ቀጠለ።

2ኛ. ሁለተኛው ምስጋናዬ ለተንጠልጣይ ቁልፉ ነው።

እትዬ ሳል ሲጀምራቸው ማንም ሳይጠቁምባቸው፣ የራሳቸው ስልክ ስለሌላቸው በሕንፃው ዘበኛ በኩል፣ ራሳቸው ለጤና ክፍልዎ አስነገሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልብስ ሲያጠብቡና ሲያሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ በሽታዬን ለሰው አላለብስም አሉ። ጽሕፈት ቤትዎም ለዚህ ቅንነታቸው በራቸውን ከውጭ ቆልፎ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጥፎ መለሰላቸው። ምግብ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ይቀርብላቸዋል ተባለ፤ አንዳንድ ቀንም ቀረበ። በቀረው ቀን እትዬ ቧንቧውን ሁለት ጊዜ ይመታሉ፤ ቁልፉን የያዘው ዘበኛ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከጎረቤት የወጣ ድስት በእግሩ ገፋ አድርጎ ያስገባል። “እኔ ያየሁት ነገር የለም፤ ድስቱ ግን የባለቤቱ ይመለስ” ይል ነበር። በዚህ ጥፋቱ ከደመወዙ ተቆርጦ ስለተቀጣ አሁን ማንሳቴ አይጎዳውም ብዬ ነው።

3ኛ. ሦስተኛው ምስጋናዬ ለአዲሱ ቧንቧ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

አሮጌው ቧንቧ ዝጎ ውሃው የሻይ መልክ ይዞ ይወርድልን ስለነበር፣ ይቀየርልን እያልን ዓመታት አመልክተናል። ማመልከቻውን ካረቀቁት አንዱ እኔ ነኝ፤ እትዬም ፈርመውበታል። መልሱ የመጣው በሽታው በበረታበትና የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ በተቃረበበት ሰሞን ነው። ሠራተኞች መጡ፤ ብረቱ ተነቅሎ ነጭ ፕላስቲክ ገባ፤ ውሃው እንደ ምንጭ ጠራ። እኛም በየመስኮቱ ብቅ ብለን እንኳን ደስ ያለህ፣ እንኳን አብሮ ደስ ያለን ተባባልን።

በማግስቱ እማማ እንደ ልማዳቸው በማንኪያ መቱ። የሰማቸው የለም። ፕላስቲክን መምታት ትራስን በጥፊ እንደ መምታት ነው፤ ምቱ እዚያው ሰምጦ ይቀራል። ይህን አስቀድሞ ያሰበው አንድም ሰው አልነበረም፤ ጋሽ ሜትርም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት፣ የገጠሙት ሠራተኞችማ ምን ቸገራቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኛው ነን። ስለዚህ ስለ ቧንቧው ጽሕፈት ቤትዎን ልወቅስ አልችልም፤ የጠየቅነውን ነው የሰጠን።

የምደነቅበት ሌላ ነው። ቧንቧው በእትዬም ወጥ ቤት ስለሚያልፍ፣ ለሾርባ የማይከፈተው በር ለቧንቧ ተከፈተ፤ ሠራተኞቹ ከእግር እስከ ራሳቸው ተሸፍነው ገብተው፣ ነቅለው፣ ገጥመው ወጡ። ሲወጡም በወጥ ቤቱ ውስጥ ያልተፈቀደ ድስት ማየታቸውን ለአለቆቻቸው አስታወቁ። በዚያው ቀን ቁልፉ ከዘበኛው ተወስዶ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄደ። ዘበኛውም ወንበሩን አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ዘርግቶ ወደ በሩ የሚጠጋን ሁሉ እንዲመልስ ታዘዘ። በአንድ ቀን ውስጥ ድምፁም፣ ድስቱም፣ ቁልፉም ከእትዬ ተወሰደ። ይህን ያህል ቅልጥፍና ከጽሕፈት ቤትዎ አይተን ስለማናውቅ መመስገን ይገባዋል።

እኛም የቻልነውን አላስቀረንም። የታክሲ ሹፌሩ ከደረጃው ማዶ ሆኖ ይጣራል፤ እትዬም ከበሩ ኋላ፣ “አለሁ፣ አለሁ፣ እንቅልፌን አትረብሽ” ይሉታል። ድምፃቸው ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ሄደ። ለጤና ክፍልዎ ስንነግር፣ ታማሚዋ በክትትል ሥር ናቸው ተባልን። ክትትሉ በየት በኩል እንደሚገባ ሳልጠይቅ ስልኩ ቀድሞ ተዘጋ።

4ኛ. አራተኛው ስለ ስልክ መስተንግዶዎ ነው።

የእኔ ቤት ከእትዬ ቤት በቀጥታ ሥር ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የወጥ ቤቴ ኮርኒስ ጥግ ላይ ርጥበት አየሁ፤ ሲሰፋ ቆየና መንጠባጠብ ጀመረ። ወደ ላይ ሮጥሁ። ዘበኛው ከወንበሩ ተነስቶ ሁለት እጁን ዘረጋብኝ፤ “ወንድሜ፣ አትጠጋ፤ የልጆቼን ጉሮሮ አትዝጋብኝ” አለኝ። ከዚያው ከቆምኩበት እትዬን ተጣራሁ። የመለሰልኝ የሚፈስ ውሃ ድምፅ ብቻ ነው።

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወልኩ። የውሃ መፍሰስ ከሆነ ጥገና ክፍል፣ የሰው መታመም ከሆነ ጤና ክፍል እንድደውል ተነገረኝ። ሁለቱም ነው አልኩ። በወዲያኛው በኩል የነበረችው ልጅ፣ የጨነቃት መሆኑ ከድምፅዋ ያስታውቃል፣ “ጋሼ፣ ለሁለቱም የሚሆን ክፍል የለንም” አለችኝ። ቁልፉስ አልኳት። ቁልፉ በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። የስብሰባው ርእስ የነዋሪዎች ደኅንነት እንደ ነበረ ኋላ ከጋዜጣዊ መግለጫዎ ተረድቻለሁና፣ ያን ቀን ስለ እኛ ደኅንነት ሲደክሙ ስልክ በመደወል ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ጋሽ ሜትር የነገርኩትን ሰምቶ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ነው፣ ምንም ሳይለካ መሮና መዶሻውን አነሳ። ሚስቱ ጭንብሉን ከጆሮው ላይ እያስተካከለች፣ “ከገባህ ወደ ልጆቹ አትመለስም፤ አውቀህ ግባ” አለችው። “ፍራሼን ወደ መሥሪያ ክፍሌ አውጪልኝ” ብሏት ደረጃውን ወጣ።

ስለ ዘበኛው የሚጠየቅ ካለ፣ ግዴታውን በሚገባ እንደ ተወጣ እመሰክራለሁ። ከለከለ፣ ጮኸ፣ ከዚያም ለአለቆቹ ለማሳወቅ ወደ ታች ወረደ። ደረጃውን በጣም ቀስ ብሎ የወረደው ጉልበቱን ስለሚያመው ነው።

በሩ ተሰበረ። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ፤ ጋሽ ሜትር ገባ። እትዬ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በውሃ ውስጥ ወድቀው ነበር፤ ትንፋሻቸው አለ። ውሃ ሊቀዱ ቧንቧውን ከፍተው ሳለ ጉልበታቸው ከድቷቸው ነው የወደቁት። ቀኝ እጃቸው ማንኪያ ጨብጧል፤ ማንኪያው ጎብጧል። አዲሱ ነጭ ቧንቧ ከወለሉ ጀምሮ፣ የወደቀ ሰው እጅ እስከሚደርስበት ድረስ፣ ተጫጭሯል። ሳያቋርጡ ሲመቱ ቆይተዋል። ከዚያ ቧንቧ ሥር የእኔ ወጥ ቤት ነው፤ እኔም ያን ቀን ርጥበቱን እስካይ ድረስ ከቤቴ አልወጣሁም።

ለዚህኛው ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

እማማ የበሩን መሰበርና ጩኸቱን ሰምተው በስልክ የጠሩት አምቡላንስ መጣ። ሐኪሟ እትዬን አይታ፣ “ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ” አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። ዛሬ እትዬ በራሳቸው ሳንባ ይተነፍሳሉ፤ የሆስፒታሉን ፒጃማ ስፌት እየተቹ ነርሶቹን እንዳስመረሩም ሰምተናል። መዳናቸውን ያመንነው ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ሜትርም በመሥሪያ ክፍሉ፣ በመላጊያ ፍቅፋቂ መሐል ፍራሹን ዘርግቶ ራሱን ለይቶ ከረመ፤ ልጆቹን በመስኮት መስታወት እያየ። ጊዜው አልፎ፣ ተመርምሮ፣ ከበሽታው ነጻ ሆኖ ወጣ።

5ኛ. የመጨረሻው ምስጋናዬ በቅርቡ ለወጣው መግለጫዎ ነው። ርእሱን ለአንባቢ ላስታውስ፤ “የጽሕፈት ቤቱ ፈጣን ምላሽ የአረጋዊት ሕይወት አተረፈ” ይላል። ጅብ ከሄደ የሚጮኸውን ውሻ ተረት እዚህ ላይ አልጠቅስም፤ ክብርዎን ይነካል። ከጽሑፉ ጎን እርስዎ በእትዬ ደጃፍ ቆመው አንድ እጅዎን በሩ ላይ አሳርፈው የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። መልካም ፎቶግራፍ ነው። በሩም መልካም በር ነው። እጅዎን ያሳረፉበት ያ በር አዲስ መሆኑን፣ የሠራውም ጋሽ ሜትር መሆኑን የነገረዎት ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ራሱን ለይቶ ተቀምጦ ሳለ፣ ማንም ሳያዘው፣ ለሌላ ሥራ ካስቀመጠው ሳንቃ ሠርቶ፣ ነጻ ሆኖ እንደ ወጣ ገጠመው፤ “የሰው በር ሰብሬ እንዴት እተኛለሁ” ብሎ።

መግለጫው በወጣበት ሳምንት ለጋሽ ሜትር የማስለቀቂያው ትእዛዝ ደረሰው። የተከሰሰውም የመንግሥት እሽግ በመድፈርና በር በማበላሸት ነው። በአንደኛው ወረቀት ነፍስ ያተረፈው የበሩ መከፈት ነው፤ በሁለተኛው ወረቀት ጥፋቱ የበሩ መከፈት ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን በሩን የከፈተው ጽሕፈት ቤቱ ከሆነ ጋሽ ሜትር የሚጠየቅበት ነገር የለም፤ የከፈተው ጋሽ ሜትር ከሆነ ደግሞ ፎቶግራፉ ላይ የቆመው ሌላ ሰው ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጠው ቢያሳውቁን በመረጡት እንስማማለን። ሁለቱንም አብረው ሊይዙ ግን አይችሉም።

እውነቱን ለመናገር ነዋሪው ሁሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አይስማማም። “ሕግ ሕግ ነው፤ በሽታውን ከታሸገበት ወደ ደረጃው ያወጣው እሱ ነው” የሚሉ አሉ። አንዲት እናት ሕፃን ልጇን አቅፋ ደረጃው ላይ ቆማ፣ “እሳቸው ቢሞቱ አዝናለሁ፤ ይሄ ቢሞትብኝስ?” ብላ ጠይቃኛለች። ፍርሃቷን አልንቅም። በሽታው የሚተላለፍ ነው፤ በር መቆለፍም በጊዜው ያስፈልግ ይሆናል። ጽሕፈት ቤትዎ የተቆለፈበትን ሰው በየጊዜው የሚያይ ዓይን ቢመድብ ኖሮ የመሮ ሥራ ባልኖረም ነበር። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህችን እናት አልረሳምና፣ የምጠይቅዎ በእሷም ስም ነው፤ ነገ የእሷ በር ሲታሸግ፣ የሚሰብር ሰው በዚህ ሕንፃ እንዲኖር ትፈልጋለች ወይስ እንዳይኖር? ከሰኞ በኋላ እንዳይኖር ወስነውልናል። በሰፈራችን መሮ ያለው ሰው ሞልቷል፤ ጋሽ ሜትር ቤቱን ሲቀማ ያየ ሰው ግን መሮውን አያነሳም። ሕፃኑን ያቀፈችው እናትም ብትጣራ፣ ሁላችንም ደጃፉ ላይ ቆመን የጽሕፈት ቤትዎን ስልክ እንደውላለን።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ትእዛዙን በአንዲት መስመር እንዲሽሩት፣ እስከ ሰኞም ጊዜ ስላለ በእረፍት ቀንዎ ብዕር ማንሳት የማይከብድዎ ከሆነ እንዲያስቡበት፣ ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ። ካልተሻረ ሰኞ ጠዋት የጋሽ ሜትር ልጆች ዕቃቸውን ይዘው የሚቀመጡት በሕንፃው ደረጃ ላይ ነው፤ ሠራተኞችዎ ሊያልፉ ሲሉ እንዳይረግጧቸው አስቀድመው ቢነግሩልን መልካም ነው።

ለሹመትዎ ዘመን ርዝመትን፣ ለፊርማዎ ማስተዋልን፣ ለሳንባዎ ጥንካሬን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ባወጡት ደንብ መሠረት ሁለት ሜትር ርቄ እጅ እነሳለሁ።

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ
ኮርኒሱ እስካሁን ያልተጠገነለት

ማስታወሻ፦ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንፃ፣ በሁለተኛው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት ወላጅ እናትዎ ደኅና ናቸው። እንደ እኛው ጠዋት ጠዋት ይመቱት የነበረው የእሳቸውም ቧንቧ በዚያው ሰሞን ስለተቀየረ፣ በየማለዳው በራቸውን እያንኳኳ ደኅና አድረዋል ወይ የሚላቸው ጋሽ ሜትር ነው። “ልጄ ሥራ ይበዛበታል፤ አትንገሩት” ብለውን ስለነበር እስካሁን ዝም ብለናል። ትናንት ግን ከሰኞ በኋላ ማን እንደሚመጣላቸው ጠየቁን። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መመለስ የጽሕፈት ቤትዎ ሥልጣን ስለሆነ፣ ለእርስዎ አስተላልፈነዋል።